አራት ራም ተሰክቶ ሁለቱ ብቻ ይነበባሉ፤ የቀረው 8 ጊጋ የት ገባ?

የካሴት ክፍል (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ። ደሴ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የድምፅ ክፍል የቆዩ የመንዙማ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን፣ ቴፑ ከእርጅና ያመጣውን የጀርባ ድምፅ እየቀነስን ለባለቤቶቻቸው እንመልሳለን። አንድ የ90 ደቂቃ ካሴት በ96 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ሲቀረጽ ብቻውን ከ3 ጊጋባይት ስለሚበልጥ፣ ድቤውንና ጭብጨባውን ሳይነካ የማጽዳቱ ሥራ ሲጀመር ባለ 8 ጊጋው ኮምፒውተራችን ይጨናነቃል፤ አንዳንዴም ሥራው ገና ሳይቀመጥ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ካሴቶቹ አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ይጫወታሉ ተብለው የሚታመኑ ስላልሆኑ፣ ሥራው በመካከል መቋረጡ በጣም ያሳስበኛል።

ኮምፒውተሩ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5-2400 ሲሆን የተጫነበት ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። አራት የራም (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ስሎቶች፣ ማለትም መሰኪያዎች፣ አሉት፤ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 1ኛውና 3ኛው ነጭ፣ 2ኛውና 4ኛው ጥቁር ናቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራሞች በሁለቱ ነጭ ስሎቶች ተሰክተው 8 ጊጋ ያነብ ነበር። አሁን ሌሎች ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራሞች ገዝተን በጥቁሮቹ ስሎቶች ላይ አስገባን። ኬዙ ከተከፈተ አይቀር ተብሎም በዚያው ዕለት አንድ ባለሙያ አቧራውን አራግፎ፣ የፕሮሰሰሩን ፋን አውርዶ ቴርማል ፔስቱን (ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀየረልን።

ኮምፒውተሩ ያለምንም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይነሳል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ያንኑ 8 ጊጋ ነው። ራሞቹን የሸጠልን ሰው ሱቁ ውስጥ ሞክሮ እንደሰጠንና እንደማይመልስ ነግሮናል። ችግሩ ከራሞቹ ነው፣ ከስሎቶቹ ነው ወይስ ከዊንዶውሱ? ሌላ ራም ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የአይሲቲ መምህር (ወልድያ)፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አብሽሩ። ጥያቄውን አስፈላጊው ዝርዝር ሁሉ ሳይጎድል ስላቀረቡት ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ከሁሉ በፊት ዊንዶውስን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ማውጣት ወይም ማስገባት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን ሲያስነሱ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚሠራው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም) ይግቡና በመጀመሪያው ገጽ ወይም የሲስተም መረጃ በሚታይበት ቦታ ላይ ስንት ጊጋ ተጽፎ እንደሚገኝ ይመልከቱ። ባዮሱ 16 ጊጋ እያሳየ ዊንዶውስ 8 ብቻ የሚል ከሆነ የምንፈልገው ነገር ከሶፍትዌሩ በኩል ነው፤ ባዮሱም ራሱ 8 የሚል ከሆነ ግን ዊንዶውስን ፎርማት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ምክንያቱም ባዮስ የራሙን ብዛት የሚቆጥረው ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ነውና። ይህን የምለው በአካባቢያችን ራም አልነበብ ሲል መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል በመሆኑ፣ ብዙ ሰውም ፋይሉን በከንቱ ስለሚያጣ ነው።

በዊንዶውስ በኩል ያሉትን ምክንያቶች ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማሉና ባጭሩ ላንሳ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም፤ ከዚያም ላይ ለግራፊክስና ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያዘው አድራሻ ስለሚቀነስ ብዙውን ጊዜ ከ3 ጊጋ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ይታያል። ባለ 64 ቢት ሆኖም ገደብ ያለበት አለ፤ ለምሳሌ ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ ከ8 ጊጋ፣ ሆም ፕሪሚየም ደግሞ ከ16 ጊጋ አያልፍም። የእርስዎ ዊንዶውስ 10 ፕሮ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ኤምኤስኮንፊግ በሚባለው ማስተካከያ ውስጥ፣ በቡት ገጹ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ሲጫን የሚመጣው «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ማየት ነው፤ ምልክት ካለበት ያንሱትና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ከዚያም ሜሞሪ የሚለውን ይጫኑ። ከታች በኩል «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል መስመር አለ። 4 ከ4 ካለ ራሞቹ ታይተዋል፣ ነገር ግን በሆነ ምክንያት ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ተደርገዋል ማለት ነው፤ 2 ከ4 ካለ ግን ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ሁለቱን ጭራሽ አላያቸውም። እነዚህ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ቢመስሉም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።


መለዋወጫ ሻጭ (ሐይቅ)፦

መምህሩ በጻፉት ላይ ከራሞቹ ዓይነት አንጻር የምጨምረው አለኝ።

ዲዲአር3 ተብሎ የሚሸጥ ባለ 4 ጊጋ ራም ሁሉ አንድ አይደለም። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገቡት መካከል የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ፕሮሰሰር አምራች ለኤኤምዲ ማዘርቦርድ ብቻ የሚሆኑ አሉ። በእነዚህ ላይ የቺፖቹ ውስጣዊ የአድራሻ አደረጃጀት የኢንቴል ማዘርቦርዶች ከሚጠብቁት የተለየ ስለሆነ፣ በኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ በሚገባ እየሠሩ በኢንቴል ላይ ወይ አይነበቡም ወይም ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ያደርጉታል። ስለዚህ ሻጩ «ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መታወቅ ያለበት የሞከረው በየትኛው ማዘርቦርድ ላይ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ለሰርቨር የተሠራው ሬጅስተርድ የሚባለው ራም ነው፤ በተለጣፊው ወረቀት ላይ ፒሲ3-10600 ከሚለው ቀጥሎ «አር» የምትል ፊደል ካለችበት ለዚህ ዴስክቶፕ አይሆንም። በተረፈ 1333 እና 1600 የሚሉት ራሞች ቢቀላቀሉ በዝግተኛው ፍጥነት አብረው ይሠራሉ፤ ፒሲ3ኤል የሚለውም ባለ 1.35 ቮልት ራም በ1.5 ቮልት ላይ መሥራት ስለሚችል ይህ ብቻውን ለመጥፋቱ ምክንያት አይሆንም።

ለወደፊቱ 8 ጊጋ ራም መግዛት የሚያስቡ ሰዎች ግን ይህን ልብ ይበሉ፦ እንደዚህ ኮምፒውተር ያለው ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ5 በአንድ ራም ላይ 8 ጊጋ የሚቀበለው በሁለቱም ገጽ ቺፕ ሲኖር፣ ማለትም 16 ቺፖች ያሉት ሲሆን ነው። በ8 ትላልቅ ቺፖች ብቻ የተሠራውን ባለ 8 ጊጋ ራም አያውቀውም።

የእኔ ምክር የራሙን የወርቅ ቅብ ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ አሽቶ መልሶ መሰካት ነው። ብዙ ጊዜ በዚያው ይስተካከላል።


የአይሲቲ መምህር (ወልድያ)፦

በላጲሱ ላይ በአክብሮት ልለይ። ፍርፋሪው በስሎቱ ውስጥ ገብቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ቅቡንም ይፍቃል። በንጹሕ አልኮል የረጠበ፣ ክር የማይተው ጨርቅ ይሻላል፤ እስኪደርቅም መጠበቅ ነው።

አሁን የሚያስፈልገን የመለየት ሥራ ነው። የመብራት ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ከነቀሉ በኋላ ማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፤ የኬዙን ብረት በእጅዎ ነክተው ከዚያ ብቻ ራሞቹን ያውጡ። በመጀመሪያ ራሞቹን አንድ በአንድ በ1ኛው ስሎት ብቻ እየሰኩ ባዮሱ 4 ጊጋ ማንበቡን ያረጋግጡ። ይህ ራሞቹን ይፈትናል። ከዚያ ደህና መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ራም በ1ኛው ስሎት ላይ እንዳለ ትተው፣ ሌላውን ደህና ራም በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ4ኛው እያዘዋወሩ ባዮሱ የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ። ይህ ደግሞ ስሎቶቹን ይፈትናል። 1ኛውን ስሎት ባዶ አያድርጉት፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ 1ኛው ስሎት ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስለማይነሳ ውጤቱ ሊያሳስትዎ ይችላል። በሚሰኩበትም ጊዜ የጎንና የጎን መያዣዎቹ ቀጭ ብለው መዘጋታቸውን በዓይንዎ ይመልከቱ።


የካሴት ክፍል (ደሴ)፦

ጀዛኩሙላህ ኸይር፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን በቅደም ተከተሉ ፈጽሜ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ባዮሱም 8 ጊጋ ነው የሚለው። ታስክ ማናጀር 2 ከ4 ይላል። ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ምንም ምልክት አልነበረም። ራሞቹን በሚመለከት አራቱም፣ አዲሶቹም አሮጌዎቹም፣ በ1ኛው ስሎት ላይ ለየብቻ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ 4 ጊጋም ይነበባል። «አር» የሚል ጽሑፍ በአንዳቸውም ላይ የለም። በ1ኛው ላይ አንድ ራም ትቼ ሌላውን በ2ኛው ስሎት ላይ ስሰካ 8 ጊጋ ይላል፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ስሎት ላይ ስሰካ ግን የትኛውም ራም ቢሆን 4 ጊጋ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለት ስሎቶች በአንድ ጊዜ ተበላሹ ማለት ነው? ማዘርቦርዱን መቀየር ካለብኝ አቅሜ አይፈቅድም።


ጥገና ክፍል (ኮምቦልቻ)፦

እኅታችን፣ ማዘርቦርድ ለመግዛት አይቸኩሉ። ያመጡት ውጤት ችግሩ ያለበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል፤ እኔም እንዲህ ያለውን በተደጋጋሚ ያየሁት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አራቱ ስሎቶች በሁለት መሥመር የተከፈሉ ናቸው፤ ቻነል ኤ እና ቻነል ቢ ይባላሉ። በእርስዎ ማዘርቦርድ ላይ 1ኛውና 2ኛው የቻነል ኤ፣ 3ኛውና 4ኛው የቻነል ቢ መሆናቸውን የፈተናው ውጤት ራሱ ይናገራል። አንድ ስሎት ብቻ ቢበላሽ ያ ስሎት ብቻ ይጠፋ ነበር፤ ሁለቱ የቻነል ቢ ስሎቶች አብረው መጥፋታቸው ግን ችግሩ ሁለቱም በጋራ በሚጠቀሙበት መንገድ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ይህ መንገድ የት ያልቃል ቢሉ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። በድሮዎቹ የኢንቴል ኮምፒውተሮች የሜሞሪ ተቆጣጣሪው በማዘርቦርዱ ላይ በተለየ ቺፕ ውስጥ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ኮር አይ7 ፕሮሰሰሮች በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጡ ወዲህ ግን ወደ ፕሮሰሰሩ ገብቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የእርስዎ ኮር አይ5-2400ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ራሞቹ በቀጥታ የሚነጋገሩት ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው፤ የሚገናኙትም ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ላይ ባሉት 1155 ጥቃቅን ፒኖች በኩል ነው። ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ሥር ሳይሆን በማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በላያቸው ላይ ተጭኖ በእኩል ግፊት ይነካቸዋል። ከእነዚህ መካከል የቻነል ቢ የሆኑ ጥቂቶቹ በአግባቡ ካልነኩ ኮምፒውተሩ በቀረው በኩል ያለ ችግር ይነሳል፤ ቻነል ቢ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጽሑፍዎ ልመለስ። አሮጌዎቹ ሁለት ራሞች በነጮቹ ስሎቶች፣ ማለትም በ1ኛውና በ3ኛው ላይ ሆነው 8 ጊጋ ይነበብ እንደነበር ጽፈዋል። 3ኛው ስሎት የቻነል ቢ ነው። እንግዲያው ቻነል ቢ እስከዚያ ዕለት ድረስ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዕለት ከራሞቹ መጨመር ሌላ የተደረገው የፕሮሰሰሩ ፋን ከነሂትሲንኩ (ከሥሩ ካለው ሙቀት ከሚወስደው ብረት ጋር) ወርዶ መመለሱ ነው። የእኔ ጥርጣሬ ሂትሲንኩ ሲመለስ ብሎኖቹ እኩል አልጠበቁም፤ በአንዱ ጥግ በኩል ተጭኖ፣ በተቃራኒው በኩል ፕሮሰሰሩን ከፒኖቹ በጥቂቱ አንሥቶታል የሚል ነው። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ብዙ ባለሙያ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው።

የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ገመዱን ነቅለው ኬዙን በጎኑ ያስተኙት። ሂትሲንኩን አያውርዱት፤ አራቱን ብሎኖች ብቻ በየተራ፣ እያንዳንዱን በትንሽ በትንሹ ያላሉ። ሁሉም ከላሉ በኋላ ሂትሲንኩ ያለ ጫና በላዩ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን አጥብቀው ቀጥሎ በተቃራኒው ጥግ ያለውን፣ ሁሉንም በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር እያፈራረቁ ያጥብቁ። ብሎኑ ራሱ ሲቆም ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ኃይል አይጠቀሙ። ራሞቹን በነጮቹ ላይ ሁለቱን ብቻ ሰክተው ያስነሱትና ባዮሱን ይመልከቱ።

በዚህ ካልተስተካከለ ሁለተኛው ደረጃ ሶኬቱን ከፍቶ ፒኖቹን ማየት ነው፤ እሱን ግን ልምድ ላለው ሰው ቢሰጡ እመርጣለሁ። ለሚሠራው ሰው የምለው፦ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ፔስቱ ሲሞቅ መዝጋትና ገመዱን መንቀል፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ግራና ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳ፤ ጣት ወደ ፒኖቹ አይጠጋ። በባትሪ ከጎን በኩል ሲበራባቸው ደህናዎቹ ፒኖች በእኩል መሥመር ያበራሉ፤ የተጣመመው ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልስ ከመሥመሩ ወጥቶ ይታያል። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ፎቶ ማንሳትና አስፍቶ ማየት ይረዳል። ፔስት ወደ ፒኖቹ ገብቶ እንደሆነም ይታይ። ሲመለስ አዲስ ፔስት የምስር ፍሬ ያህል በመካከሉ ይበቃል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ ካለው ሙቀትና አቧራ የተነሳ ፔስት መቀየሩ ተገቢ ሥራ ነው፤ የሚያስቸግረው አመላለሱ ነው።


መለዋወጫ ሻጭ (ሐይቅ)፦

የጥገናው ባለሙያ ያሉት ከውጤቱ ጋር ይገጥማል። አራቱም ራሞች በ1ኛው ስሎት ላይ ከተነበቡ ለኤኤምዲ የተሠሩ ናቸው የሚለው ጥርጣሬ ቀርቷል፤ ለሸጠልዎት ሰውም ይህን መንገር ተገቢ ይመስለኛል፤ ቅር ተባብላችሁ እንደሆነ ከእሱ በኩል ጥፋት የለም።


የካሴት ክፍል (ደሴ)፦

የምሥራች ይዤ ተመልሻለሁ። ከአራቱ ብሎኖች አንደኛው በመፍቻ እንኳ በጭንቅ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ሳለ፣ በተቃራኒው ጥግ ያለው በጣት ብቻ የሚዞር ነበር። ሁሉንም አላልቼ በተነገረኝ መሠረት በሰያፍ አጠበቅኋቸው። መጀመሪያ ሁለቱን ራሞች በነጮቹ ላይ ሰክቼ ሳስነሳው 8 ጊጋ አነበበ፤ ይህም 3ኛው ስሎት መመለሱን አሳየኝ። ከዚያ አራቱንም ስሰካ ባዮሱ 16384 ሜጋባይት አለ። ሶኬቱን መክፈት አላስፈለገም። ለሻጩም ሄጄ ራሞቹ ደህና መሆናቸውን ነግሬዋለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዊንዶውስ አሁን 16 ጊጋ ካለ በኋላ በቅንፍ ጥቅም ላይ የሚውለው 15.9 ነው ይላል፤ ይህ ችግር ነው? ሌላው፣ ራሞቹ ከሁለት ቦታ የተገዙ በመሆናቸው ካሴት መገልበጥ ከመጀመሬ በፊት ልተማመንባቸው የምችለው እንዴት ነው?


የአይሲቲ መምህር (ወልድያ)፦

እንኳን ደስ ያለዎት። 15.9 ማለቱ ችግር አይደለም፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ከራሙ ላይ ጥቂት ይወስዳል፤ ታስክ ማናጀር ላይ «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» በሚለው መሥመር ያዩታል። ቻነል ቢ በመመለሱ ያገኙትም 8 ጊጋ ብቻ አይደለም። በ1333 የሚሠራ አንድ ቻነል በሰከንድ ወደ 10.6 ጊጋባይት ያህል ሲያስተላልፍ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ እስከ 21 ይደርሳሉ፤ በትላልቅ የድምፅ ፋይሎች ላይ ሲሠሩ ይህም በተወሰነ ደረጃ ያግዝዎታል።

ራሞቹን ለመፈተን ሜምቴስት 86 የሚባለውን ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን በእሱ ያስነሱት። ለ16 ጊጋ ሰዓታት ይወስዳል። መብራት በመካከል ከሄደ ፈተናው ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ ዩፒኤስዎ ረጅም ሰዓት የማይይዝ ከሆነ መብራት ብዙ በማይቆራረጥበት ሌሊት ቢያደርጉት ይሻላል። በቀይ የሚጻፍ አንድ ስህተት እንኳ ከታየ «አንድ ብቻ ነው» ብለው አይለፉት፤ ራሞቹን ሁለት ሁለት አድርገው ለየብቻ ይፈትኑ። ስህተት ያለበት ራም ኮምፒውተሩን ሳያጠፋው የተቀረጸውን ድምፅ በዝምታ ሊያበላሽ ይችላልና፣ ሁለተኛ የማይጫወት ካሴት ከመክተትዎ በፊት ፈተናው ያለ አንድ ስህተት እስከ መጨረሻው ማለፉን ይጠብቁ።


ጥገና ክፍል (ኮምቦልቻ)፦

በመምህሩ ላይ የምጨምረው አንድ ነው። ፈተናው እየሄደ ሳለ የፕሮሰሰሩን ሙቀትም ይመልከቱ፤ ሜምቴስቱ በማሳያው ላይ ይጽፈዋል። ሂትሲንኩ ዘንበል ብሎ በቆየበት ጊዜ ፔስቱ ወደ አንድ በኩል ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ፈተናውን አቁመው ፔስቱ እንደገና ይቀባ፤ በዚያን ጊዜ ሂትሲንኩ መውረዱ ስለማይቀር ብሎኖቹን የሚያጠብቀው ሰው አጠገብ ቆመው በሰያፍ እንዲያጠብቅ ይንገሩት።